ላማሌራ፦ በሩቅ የኢንዶኔዥያ ደሴት ላይ ስላለች አንዲት መንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላማሌራ የት ናት? ለምንስ እሷ ተመረጠች?

ላማሌራ በምሥራቅ ኢንዶኔዥያ፣ ሌምባታ በምትባል ደሴት ደቡባዊ ጠረፍ፣ ከገደል ሥር ጥቁር አሸዋ ላይ የተቀመጠች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ደሴቲቱ የምሥራቅ ኑሳ ቴንጋራ ክፍለ ሀገር አካል ስትሆን፣ ከፍሎሬስ በስተምሥራቅ፣ ከሶሎርና ከአዶናራ ደሴቶች ጎን ትገኛለች። ከጃካርታ ከ1,800 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ሰዓቷም ከአዲስ አበባ በአምስት ሰዓት ይቀድማል። በአስተዳደር ላማሌራ ኤ እና ላማሌራ ቢ ተብላ በሁለት ተከፍላለች፤ ሁለቱም ተደምረው ነዋሪያቸው ሁለት ሺህ ገደማ ነው።

ኢንዶኔዥያ ከ17 ሺህ በላይ ደሴቶች አሏት። «የኢንዶኔዥያ የደሴት መንደር ኑሮ ምን ይመስላል?» ለሚለው ጥያቄ በጅምላ የሚሰጥ መልስ ለማንም አይረባም። ስለዚህ አንዲት መንደር ይዞ እሷን በደንብ ማየት ይሻላል።

እዚያ እንዴት ይደረሳል?

የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ኩፓንግ በቲሞር ደሴት ላይ ነው። ከኩፓንግ ወደ ሌምባታ ዋና ከተማ ወደ ሌዎሌባ ትንሽ አውሮፕላን ይበራል። በባሕር የሚመጣ ደግሞ ከፍሎሬስ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከላራንቱካ ወደብ፣ በጀልባ ተሳፍሮ ለሰዓታት ይጓዛል። ከሌዎሌባ ወዲያ ያለው የመኪና መንገድ ደሴቲቱን ከሰሜን ወደ ደቡብ ያቋርጣል። በካርታ ላይ ሲያዩት አጭር ነው፤ ሰውና ዶሮ፣ ሲሚንቶና የሩዝ ከረጢት አብሮ በሚጫንበት መኪና ግን ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። በዝናብ ወራት መንገዱ ጭራሹን ይቆረጣል።

ይህን ጉዞ ማወቅ ለቀሪዎቹ መልሶች ሁሉ ቁልፍ ነው። በመንደሩ የማይመረት ማንኛውም ነገር፣ ምስማርም ሆነ መድኃኒት፣ በዚህ መንገድ አልፎ ነው የሚመጣው፤ ዋጋውም በየመጫኛው እየጨመረ ይመጣል።

ሰዎቹ ምን ይበላሉ?

በቆሎና ዓሣ፣ ከዚያም እየጨመረ የመጣ ሩዝ። መንደሩ የቆመበት መሬት ድንጋይና ገደል ስለሆነ ላማሌራዎች ይህ ነው የሚባል እርሻ የላቸውም። በቆሎው፣ ሙዙ፣ ስኳር ድንቹና አትክልቱ የሚመጣው ከላይ ከተራራው መንደሮች ነው። ተራራው ላይ ያሉት በበኩላቸው ባሕር የላቸውም። የአካባቢው ኑሮ በሙሉ የተገነባው በዚህ መጓደል ላይ ነው።

በሌምባታና በምሥራቅ ፍሎሬስ ከሁሉ የሚታወቀው ምግብ «ጃጉንግ ቲቲ» ይባላል፤ ጠፍጥፎ የተቀጠቀጠ የበቆሎ ቆሎ ማለት ነው። ሴቲቱ ከምድጃው አጠገብ ትቀመጣለች፤ ምጣዱ ላይ በቆሎው ሲቆላ በግራ እጇ፣ በባዶ ጣቶቿ፣ ከግለቱ ውስጥ ሁለት ሦስት ፍሬ ታነሣና ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ታኖራለች። ቀኝ እጇ የያዘው ድንጋይ ወዲያው ይወርዳል። ጣት ማንሣትና ድንጋይ መጣል በአንድ ምት መሄድ አለባቸው፤ የዘገየ ጣት ይቀጠቀጣል። ውጤቱ ስስ፣ ደረቅ፣ ሳይበላሽ ብዙ ቀን የሚቆይ ነገር ነው። ኩፓንግ የሚማር ልጅም ሆነ ማሌዥያ የሚሠራ አባት ከቤት ሲሄድ በሻንጣው የሚሸከመው ይህንን ነው። በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥሮ ለላከ ቤተሰብ ነገሩ እንግዳ አይሆንም።

ሩዝ ግን በአካባቢው ብዙም የማይበቅል ሆኖ ሳለ የክብር ምግብ ሆኗል። መንግሥት ለዓመታት ለድሆች በቅናሽ ዋጋ ሩዝ ማከፋፈሉ ለዚህ አስተዋጽኦ አድርጓል። ሩዝ ደግሞ በገንዘብ ይገዛል። በቅርብ ዓመታት በምሥራቅ ፍሎሬስ ወገን ማሽላን መልሶ የማስፋፋት እንቅስቃሴ ተጀምሯል። ማሽላ ከእኛው ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የተነሣ፣ ድርቅ የሚችል እህል ነውና ሐሳቡ ትክክል ይመስለኛል።

እውነት እስከ ዛሬ ያለ ገንዘብ ይገበያያሉ?

አዎ፣ ግን በሁሉም ነገር አይደለም። ከላማሌራ አቅራቢያ ዉላንዶኒ በምትባል ቦታ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይቆማል። የባሕር ዳር ሴቶች የደረቀ ዓሣ፣ የዓሣ ነባሪ ቋንጣ፣ ጨውና ኖራ ይዘው ይመጣሉ፤ የተራራዎቹ በቆሎ፣ ሙዝ፣ ስኳር ድንችና አትክልት ይዘው ይወርዳሉ። የገበያው ኃላፊ ፊሽካ ሳይነፋ ማንም መለዋወጥ አይችልም። ከዚያ በፊት ቀረጥ ይሰበሰባል፤ ቀረጡም ራሱ በዓይነት ሊከፈል ይችላል። ፊሽካው ሲነፋ ሴቶቹ ዕቃቸውን በእጃቸው ይዘው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይዞራሉ።

ተመኑ በዘፈቀደ አይደለም። አንድ ቁራጭ የዓሣ ወይም የዓሣ ነባሪ ቋንጣ በአሥራ ሁለት ራስ በቆሎ፣ ወይም በአሥራ ሁለት ሙዝ ይለወጣል፤ አጥኚዎች ከአሥርተ ዓመታት በፊት መዝግበው ያስቀመጡት ልማድ ነው። የከተማ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ይህ ምጣኔ ብዙም አይናወጥም። ለዚህ ነው የልውውጡ ገበያ በድህነት ብቻ የቆየ ነገር ነው ማለት የሚያሳስተው፤ የሀገሪቱ ገንዘብ ሩፒያ ዋጋው ሲወድቅ በቆሎዋ ያው አሥራ ሁለት ናት። ከቅዳሜው ገበያ ውጭ ደግሞ የላማሌራ ሴቶች ቋንጣውን በራሳቸው ላይ ተሸክመው ወደ ተራራ መንደሮች በእግራቸው ይወጣሉ። ብዙዎቹ በየመንደሩ የቆየ ደንበኛ አላቸው፤ እናቷ ከደንበኛዋ እናት ጋር ትለዋወጥ የነበረች ሴት ጥቂት አይደለችም።

ነገር ግን ቋንጣ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ አይገዛም፤ የስልክ ካርድ፣ ቤንዚንና የአውቶቡስ ቲኬትም እንዲሁ። በእኔ አስተያየት የላማሌራ ችግር ረሀብ አይደለም። ችግሩ ምግብ በሚገኝበት መንገድ ገንዘብ አለመገኘቱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት አብዛኞቹ ጥያቄዎች ዞረው የሚመጡት ወደዚሁ ነው።

ዓሣ ነባሪ አደኑ እንዴት ነው የሚካሄደው?

ወቅቱ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ያለው የበጋው ጊዜ ሲሆን «ሌፋ» ይሉታል። በኤፕሪል መጨረሻ ሽማግሌዎችና የጀልባ ባለቤቶች በባሕሩ ዳር ተሰብስበው ያለፈውን ዓመት ጠብና ቅሬታ ይነጋገራሉ፤ ባሕር ላይ ለሞቱት ጸሎት ይደረጋል፤ በሜይ 1 ካህኑ ቅዳሴ ቀድሰው ጀልባዎቹን ይባርካሉ። ከዚያ ወዲያ ከገደሉ ላይ ሆኖ የዓሣ ነባሪውን ትንፋሽ ያየ ሰው «ባሌኦ!» ብሎ ይጮኻል፤ ጩኸቱ ከአፍ ወደ አፍ መንደሩን ያዳርሳል፤ ወንዶቹም ወደ ጀልባ መጠለያዎቹ ይሮጣሉ።

ጀልባው «ፔሌዳንግ» ይባላል፤ ርዝመቱ አሥር ሜትር ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ፣ ሳንቃዎቹ በእንጨት ችንካርና በገመድ የተያያዙ፣ ምስማር ያልገባበት፣ ሸራው ከዘንባባ ቅጠል የተሠፋ ነው። እያንዳንዱ ጀልባ የአንድ ጎሣ ነው። ከፊት ለፊቱ በወጣ መድረክ ላይ «ላማፋ» የሚባለው ጦር ወጊ ይቆማል። በረጅም የቀርከሃ ዘንግ ጫፍ ላይ የተሰካውን ብረት ይዞ እንስሳው ላይ ዘሎ ይወርዳል፤ ክንዱ ብቻውን ስለማይበቃ የሰውነቱን ክብደት ጭምር በጦሩ ላይ ይጥላል። ከዚያ በኋላ ያለው ዕጣ ነው፦ ዓሣ ነባሪው ከጀልባው ሊረዝም ይችላል፤ በጅራቱ መትቶ ሊሰብራት፣ ይዟት ሊጠልቅ፣ ወይም ቀንና ሌሊት እየጎተተ ከደሴቷ እይታ ሊያወጣት ይችላል። የሞቱ፣ እጅና እግራቸውን ያጡ ብዙ ናቸው።

ከ2000ዎቹ ወዲህ ሞተር የተገጠመላቸው ትንንሽ ጀልባዎች ገብተዋል፤ በአንድ የሞተር ምርት ስም «ጆንሰን» ይሏቸዋል። ሞተሩ ሽማግሌዎቹን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል፤ ዛሬ ጆንሰኑ ፔሌዳንጉን ጎትቶ ወደ መንጋው ያደርሰዋል። በዓመት የሚያዘው ቁጥር በጣም ይለያያል፦ አንዳንድ ዓመት ጥቂት፣ አንዳንዴ በርካታ አሥርት። ባዶ እጅ የሚገባበት ቀን ከሚያዝበት ቀን እጅግ ይበልጣል።

ሥጋው ለማን ይደርሳል?

ባሕር ዳር ላይ የሚታረደው በዓይን ግምት አይደለም። የእያንዳንዱ የአካል ክፍል ባለቤት አስቀድሞ የታወቀ ነው። ላማፋው፣ ቀዛፊዎቹ፣ የጀልባው ጎሣ አባላት፣ ጀልባውን የሠራው አናጢ፣ ጦሩን የቀጠቀጠው አንጥረኛ፣ ሸራውን የሠፉት ሁሉ ድርሻ አላቸው። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ከጭንቅላቱ ድርሻ የሚሰጠው ለአሁኖቹ ላማሌራዎች ቦታውን ለሰጡት የጥንት ነዋሪዎች ዘሮች መሆኑ ነው። የላማሌራ ቅድመ አያቶች ከሌላ ደሴት ተሰደው እንደመጡ ይተረካል፤ የመሬቱ ውለታ እስከ ዛሬ በሥጋ ይከፈላል።

ባል የሞተባት ሴትና አባት የሌለው ልጅም አይረሱም። ከቤቷ ቀዛፊ ያልወጣላት ሴት በዘመድ፣ በጎረቤት፣ በስጦታ በኩል ይደርሳታል። ከዚያ በኋላ ሥጋው ተዘልዝሎ ከቤቶቹ ፊት ለፊት በቀርከሃ ላይ ይሰቀላል፤ ከሥሩ ዘይቱ የሚንጠባጠብበት ዕቃ ይደቀናል። ለቀናት መንደሩ በሙሉ በዚሁ ሽታ ይታወዳል።

ዓሣ ነባሪ ማደን የተከለከለ አይደለም?

ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ለንግድ የሚደረገውን አደን ከ1986 ጀምሮ አግዷል። ኢንዶኔዥያ የኮሚሽኑ አባል አይደለችም። በሀገሪቱ ሕግ ግን ዓሣ ነባሪና ዶልፊን ጥበቃ ከሚደረግላቸው እንስሳት ውስጥ ናቸው። ላማሌራ የምትኖረው በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው፦ መንግሥት የመንደሩን አደን እንደ ባህላዊ መተዳደሪያ በቸልታ ያየዋል፤ «ተፈቅዷል» ብሎ በደማቁ የጻፈ ግን የለም። ዋነኛው የሚታደነው ባለ ጥርሱ ትልቁ ዓሣ ነባሪ ነው፤ በቋንቋቸው «ኮቴክሌማ» ይሉታል። ሰማያዊውን ዓሣ ነባሪ አይነኩም፤ ቅድመ አያቶቻችንን ከባሕር አድኗል ስለሚሉ ነውር ነው።

ግጭት አልጠፋም። መንግሥት በሳቩ ባሕር ላይ ግዙፍ የባሕር ጥብቅ ክልል ሲያቋቁም ላማሌራዎች አጥብቀው ተቃወሙ፤ ውኃቸውም ከክልሉ ውጭ ሆኖ ቀረ። በ2014 ማንታ የተባለው ሰፊ ዓሣ በመላ ሀገሪቱ ጥበቃ ሲደረግለት ደግሞ፣ ዓሣ ነባሪ በማይገኝበት ሰሞን ማንታ ይይዙ የነበሩት አጥማጆች አንድ የምግብ ምንጭ በሕግ ተዘጋባቸው።

በ1970ዎቹ የሆነው ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት «እናዘምናችሁ» ብሎ ኖርዌያዊ ዓሣ ነባሪ አዳኝ ዘመናዊ መሣሪያ አስይዞ ላከ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፕሮጀክቱ ተዘጋ፤ መንደሩም ወደ ቀርከሃ ዘንጉ ተመለሰ። አንድ ጊዜ ብዙ ያዙ፣ ሌላ ጊዜ አትያዙ የተባለ ሰው ከሩቅ የሚመጣ ምክር ሁሉ ቢያጠራጥረው አይፈረድበትም።

ሃይማኖታቸውና ቋንቋቸው ምንድን ነው?

ላማሌራዎች ካቶሊኮች ናቸው፤ የመጀመሪያው ጥምቀት የተካሄደው በ1886 ነው። ኢንዶኔዥያ በሙስሊም ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ብትሆንም ይህ ክፍለ ሀገር አብዛኛው ሕዝቡ ክርስቲያን ነው። በሌምባታ ጠረፍ የሙስሊም መንደሮችም አሉ፤ ብዙ ጊዜ ከካቶሊኮቹ ጋር በዘር የተሳሰሩ ናቸው። የአያት ቅድመ አያት ሥርዓትም ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ይኖራል፦ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ባሕር የወጣ ላማፋ ጦሩ ይስታል ብለው ያምናሉ፤ ስለዚህ ከመውጣት በፊት ዕርቅ ይወርዳል።

የቤት ቋንቋቸው ላማሆሎት የሚባለው የአካባቢው ቋንቋ አንድ ዘዬ ነው። ትምህርት ቤትና ቢሮ በኢንዶኔዥያ ቋንቋ ይሠራሉ።

ትምህርት ቤትና ሐኪም አለ?

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በቅርብ አለ። ከፍ ያለው ደረጃ ልጁን ወደ ሌዎሌባ፣ ወደ ላራንቱካ ወይም ወደ ኩፓንግ ያስወጣዋል፤ እዚያ ማደሪያና ቀለብ በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል። ሚሲዮናውያን ቀድመው ትምህርት ቤት በመክፈታቸው መንደሯ ከስፋቷ ጋር የማይመጣጠን ምሁር አፍርታለች። የኢንዶኔዥያ ተማሪዎች ለትውልድ የተማሩባቸውን የቋንቋ መጻሕፍት የጻፉት ጎሪስ ኬራፍ የላማሌራ ልጅ ናቸው። ከ1999 እስከ 2001 የሀገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ሶኒ ኬራፍም እንዲሁ። የዓሣ ነባሪ አዳኞች መንደር የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ማውጣቷን ላማሌራዎች በፈገግታ ያነሡት እንደሆነ አይገርመኝም። ሁለቱም ታዲያ ስም ያተረፉት ከመንደሩ ወጥተው ነው።

ሕክምናን በተመለከተ አዋላጅ ነርስ፣ ጤና ጣቢያና የሕፃናት ክብደት የሚመዘንበት ወርኃዊ ፕሮግራም አለ፤ ከ2014 ጀምሮ ብሔራዊ የጤና መድን ተዘርግቷል። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ግን ከመድን ካርዱ በፊት መኪናና ጀልባ ያስፈልገዋል። ክፍለ ሀገሩ በሕፃናት መቀንጨር በሀገሪቱ ከከፉት አንዱ ነው፤ በ2022 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከሦስት አንዱ በላይ የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል።

ሴቶች በመንደሩ ያላቸው ቦታ ምንድን ነው?

ባሕር የወንድ፣ ገበያ የሴት ነው። ወንዱ የያዘውን ወደ በቆሎ የሚለውጠው የሴቲቱ እግርና ድርድር ነው፤ ያለ እሷ ሥጋ ተሰቅሎ ይቀራል። በተጨማሪም ሴቶች ክሩን ቋጥረው እያቀለሙ ባለ ጥለት ልብስ ይሸምናሉ። ጥሩው ጨርቅ ወራት ይፈጃል፤ በጋብቻ ጊዜም ከሴቷ ወገን የሚሰጠው እሱ ነው።

ከወንዱ ወገን የሚሰጠው ጥሎሽ ደግሞ የዝሆን ጥርስ ነው። በሌምባታም ሆነ በአካባቢው ደሴቶች አንድም ዝሆን የለም፤ ጥርሶቹ በጥንት የባሕር ነጋዴዎች በኩል ገብተው ከቤት ወደ ቤት ሲዞሩ የኖሩ ናቸው። በክንድ እየተለኩ ደረጃ ይወጣላቸዋል። ዛሬ ብዙ ጊዜ ዋጋቸው በገንዘብ ተተምኖ ይከፈላል። ይህ ደግሞ ሌላ ዕዳ ሆኖ ወጣቱን ወደ ማሌዥያ የሚያስጉዝ ምክንያት ሆኗል።

መንግሥት ለእንዲህ ያለ መንደር ገንዘብ ይሰጣል?

ይሰጣል፤ ከብዙ ታዳጊ ሀገሮች በተሻለ ሁኔታ። በ2014 የወጣው የመንደር ሕግ ከማዕከላዊ መንግሥት በጀት ለእያንዳንዱ መንደር በቀጥታ ገንዘብ እንዲመደብ ደንግጓል። በ2015 በአማካይ ለአንድ መንደር 280 ሚሊዮን ሩፒያ ገደማ ነበር፤ በ2019 ከ900 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። በዚህ ገንዘብ መንገድ፣ የውኃ ቧንቧ፣ የመከላከያ ግንብና የሕፃናት ማቆያ ተሠርቷል። የመንደሩ አለቃ የሚመረጠው በድምፅ ነው፤ በ2024 የተሻሻለው ሕግ የሥልጣን ዘመኑን ከስድስት ወደ ስምንት ዓመት አራዝሞታል። የተመረጠው አለቃና የጎሣ ሽማግሌዎች ካልተስማሙ ግን ገንዘቡ ቢኖርም ሥራው አይንቀሳቀስም።

ወጣቶቹ ለምን ይሄዳሉ? ወዴትስ?

ከሌምባታ ወንዶች ከአሥርተ ዓመታት ጀምሮ የሚሄዱት ወደ ሳባህ ነው፤ በቦርኒዮ ደሴት ላይ ያለው የማሌዥያ ግዛት ማለት ነው። እዚያ በዘይት ዘንባባ እርሻና በግንባታ ይሠራሉ። ብዙዎቹ ያለ ሙሉ ወረቀት፣ በደላላ እጅ ይሻገራሉ። በ2002 ማሌዥያ ሕጓን ስታጠብቅ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኢንዶኔዥያውያን በአንድ ጊዜ ተባረሩ፤ በድንበሯ ከተማ ኑኑካን በመጠለያ ተጨናንቀው በበሽታ ያለቁ ነበሩ። በቅርብ ዓመታትም ውጭ ሀገር ለሥራ ሄደው የሞቱ የክፍለ ሀገሩ ተወላጆች አስከሬን በዓመት ከመቶ በላይ ወደ ኩፓንግ አውሮፕላን ማረፊያ ይገባል። አብዛኞቹ ወረቀት ያልነበራቸው ናቸው፤ ካሳ የሚጠየቅበት ቀጣሪም የለም።

ሴቶች ደግሞ ወደ ማሌዥያ፣ ሆንግ ኮንግና ባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ለቤት ሠራተኝነት ይሄዳሉ። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ታሪኩን ያውቀዋል። ኢትዮጵያ በ2013 ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አግዳ በ2018 ከፈተች፤ ኢንዶኔዥያ በ2015 ሁለት ዜጎቿ በሳዑዲ ዓረቢያ በሞት ከተቀጡ በኋላ ለ21 የመካከለኛው ምሥራቅ ሀገሮች የቤት ሠራተኛ መላክ አቆመች። በሁለቱም ሀገር እገዳው ጉዞውን አላስቀረውም፤ ወደ ደላላው መንገድ ገፋው እንጂ። አንድ ሪያድ ቤት ውስጥ አንዲት የወሎ ልጅና አንዲት የፍሎሬስ ልጅ አንድ ወጥ ቤት ተካፍለው ቢገኙ፣ ያሰባሰባቸው ያው ገንዘብ የማይገኝበት መንደር ነው።

የሚላከው ገንዘብ የቤት ክዳን፣ የትምህርት ክፍያና ጥሎሽ ይሆናል። ቤት የቀረችው ሚስት ግን ልጅ ማሳደጉን፣ ሸክሙንና ሽማግሌ መጦሩን ለብቻዋ ትይዛለች፤ ባል ሳባህ ላይ ሌላ ትዳር የመሠረተባት ሴት በደሴቲቱ ላይ ጥቂት አይደለችም።

እሳተ ገሞራና ሱናሚ አያሰጋቸውም?

ያሰጋቸዋል። በጁላይ 1979 በደሴቲቱ ደቡብ፣ ዋይቴባ በተባለ ቦታ የተራራ ጎን ተንዶ ባሕር ገባና ያስነሣው ማዕበል ከ500 ሰዎች በላይ ገደለ። በሰሜን ያለው የሌዎቶሎክ ተራራ በኖቬምበር 2020 ፈነዳ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በኤፕሪል 2021፣ ሴሮጃ የተባለው አውሎ ነፋስ ያወረደው ዝናብ ከዚያው ተራራ ድንጋይና ጭቃ ጠርጎ በሥሩ ያሉ መንደሮችን ሌሊት ቀበራቸው። ተርፈው የነበሩት ወደ አዲስ ሰፈራ ተዛውረዋል። ላማሌራ ከዚያ ተራራ ርቃ በደቡብ ትገኛለች።

ቱሪዝም ወይም ማዕድን መንደሩን ያሳድገው ይሆን?

ጎብኚ ይመጣል፤ ፎቶ አንሺና ፊልም ሠሪ በተለይ። በሰው ቤት ያድራል፤ ጀልባ ላይ ለመሳፈር ይከፍላል። ችግሩ ጎብኚው የሚፈልገው አደኑን ማየት መሆኑ ነው፤ አደኑ ደግሞ ቀጠሮ አይቀበልም። ሳምንት ጠብቆ ባዶ ባሕር አይቶ የሚመለስ ብዙ ነው። ፎቶው በዓለም ሲሠራጭም ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ውግዘት ይዞ ይመለሳል። «ዓሣ ነባሪውን ከመግደል አሳዩት» የሚለው ምክር ለጆሮ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከጎብኚ የሚገኝ ገንዘብ የጀልባና የቤት ባለቤት ኪስ ይገባል፣ ለአንጥረኛውና ለባልቴቷ ግን ማንም አያካፍልም። ይህን ሳይመልስ የቀረበ ሐሳብ በመንደሩ ተቀባይነት ማጣቱ ተገቢ ነው።

ማዕድንን በተመለከተ በ2000ዎቹ መጨረሻ አካባቢ በደሴቲቱ ላይ የወርቅና የመዳብ ቁፋሮ ታቅዶ ነበር። ነዋሪውና ካህናቱ አንድ ላይ ተነሥተው አስቆሙት።

የውጭ ሰው እዚያ መሬት ገዝቶ መኖር ይችላል?

አይችልም። በ1960 የወጣው የኢንዶኔዥያ የመሬት ሕግ ሙሉ የባለቤትነት መብትን ለዜጎች ብቻ ይሰጣል። በሀገሬው ሰው ስም የሚደረግ ግዢም ፍርድ ቤት ሲደርስ የውጭውን ሰው ባዶ እጁን ሊያስቀረው ይችላል። ከሕጉ ባሻገር የመንደሩ መሬት የጎሣ ነው፤ ዘመድ ያልሆነ ሰው ከማን እንደሚገዛ እንኳ አይታወቅም።

ዛሬ የተወለደ ልጅ ሃያ ዓመት ሲሞላው እዚያው ይገኛል?

አብዛኞቹ አይገኙም ብዬ እገምታለሁ፤ ይህ ማለት ግን መንደሩ ይጠፋል ማለት አይደለም። አንድ ፔሌዳንግ ደርዘን ያህል ቀዛፊ ይፈልጋል፤ ጆንሰኑ ጥቂት ሰዎች ይበቁታል። ስለዚህ ልጆች ቢሄዱም ባሕሩ አይቆምም። የሚቆመው ከጀልባው ጋር የተያያዘው ድርሻ ነው፦ የሸራ ሠሪው ድርሻ ሸራ ከሌለ ይቀራል፤ የሞተሩ ባለቤት ደግሞ ቤንዚን የገዛበትን መልሶ ማግኘት ይፈልጋል። ወደ መረብ የተሸጋገሩት አጥማጆች የያዙትን እየሸጡ ነው፤ የተሸጠ ዓሣ እንደ ዓሣ ነባሪ ሥጋ መንደሩን አያዳርስም።

ልጁ እንዲቀር የሚፈልግ ወገን ስለ ባህል ከመስበክ ይልቅ ጥሬ ገንዘብ እዚያው የሚገኝበትን መንገድ ቢያስብ ይሻለዋል። ዓሣው ትኩስ ሆኖ ሌዎሌባ እንዲደርስ በረዶ ያስፈልጋል፤ ለበረዶ የማይቋረጥ መብራት፤ ከዚያ ደግሞ በዝናብ የማይቆረጥ መንገድ። ሦስቱም በመንደርና በወረዳ በጀት ሊደረስባቸው የሚችሉ ናቸው። እነሱ እስኪሟሉ ድረስ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ያለው ምርጫ ኩፓንግ ሄዶ መማር፣ ሳባህ ሄዶ መሥራት፣ ወይም የአባቱን ቦታ በጀልባው ላይ መያዝ ነው። ከሦስቱ ወደ ደመወዝ የማይወስደው የመጨረሻው ብቻ ነው።